መርከብ ሰው አይጠብቅም

እህቴ የደወለችው ቡና እየተፈላ ሳለ ነው፤ የካቲት 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። «እማዬ፣ ዘንድሮ በመርከብ ላንሸራሽርሽ ነው» አለቻት። እማዬ ጀበናውን እያዘነበለች «የምን መርከብ? የኖኅ?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እህቴ ግን እየቀለደች አልነበረም።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሄደች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሰባትና የአምስት ዓመት ልጆች አሏት፤ እማዬ ሁለቱንም የምታውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። ለምን አዲስ አበባ እንደማትመጣ ስጠይቃት መልሷ ዝግጁ ነበር። «እዚያ ከመጣሁ ግማሹ ጊዜ ዘመድ ሲጠይቀኝ፣ ግማሹ እኔ ዘመድ ስጠይቅ ያልቃል። እማዬ ደግሞ ከማድቤት አትወጣም። ያለኝ የአሥር ቀን ፈቃድ ነው። አሥሩንም ቀን እማዬ ቁጭ ብላ ላያት እፈልጋለሁ።»

እማዬ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ወደ ዋሽንግተን ያለውን ረጅም በረራ ሐኪሟ አልወደደላትም። ስለዚህ እህቴ መሀል መንገድ ላይ እንገናኝ አለች። ከሮም የሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ሰባት ሌሊት በሜድትራኒያን ባሕር ይዞራል፤ ሲሲሊን፣ ማልታን፣ ባርሴሎናንና ማርሴይን ያሳያል። ከከተማ ወደ ከተማ ሻንጣ ማሰርና መፍታት የለም፤ ሆቴሉ ራሱ ነው የሚጓዘው። ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ከዚህ የተሻለ ሽርሽር አላገኘሁም።

መነሻው ቅዳሜ ሐምሌ 19 መሆኑን ስነግራት እማዬ «ገብርኤል ነዋ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። መመለሻው ሐምሌ 26 ነው፤ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ስለ ቀኑ ማንም አልተከራከረም።

ክርክሩ የመጣው በአውሮፕላን ትኬቱ ነው።

የመርከቡን እህቴ ልትከፍል፣ የእኔን፣ የእማዬንና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ትኬት ደግሞ እኛ ልንችል ተስማማን። ባለቤቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ አይሄድም፤ ነገር ግን የሒሳብ ባለሙያ ነውና ትኬቱን የማፈላለጉን ነገር እሱ ያዘው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኛ ትኬት ስንፈልግ ከ120 ብር አልፏል። በዶላር ሲታይ ያልጨመረ ትኬት በብር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀን። እንግዲህ ባለቤቴ ሦስት ምሽት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቢያፈጥ አልፈርድበትም።

በሦስተኛው ምሽት እየሳቀ ጠራኝ። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል በአንድ አየር መንገድ፣ ከኢስታንቡል ሮም ደግሞ በሌላ ርካሽ አየር መንገድ። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሮም ያደርሰናል፤ መርከቡ የሚነሳው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በቀጥታ ከሚበረው ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ጋር ሲነጻጸር ለሦስት ሰው ወደ 80 ሺህ ብር ያተርፍልናል። «80 ሺህ ብር!» አለ፤ «የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው፤ እኔም ልቤ ተከፈለ። ማታውኑ ለእህቴ ደወልኩና ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አንድ ትኬት ይሁን» አለች። «እባክሽ። ርካሽም ይሁን ውድ፣ አንድ ትኬት ይሁን።»

ያኔ ነው ያስታወስኩት።

አባታችን ያረፈው ታኅሣሥ 2009 ነው። እህቴ መርዶውን ስትሰማ በዚያው ሌሊት ትኬት ፈለገች፤ ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየችም፣ እጇም አጭር ነበር። እስከ አንድ የአውሮፓ ከተማ በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በሌላ አየር መንገድ ቆረጠች። 300 ዶላር ያህል ተረፋት። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ዘገየ፤ ሁለተኛው ጥሏት ሄደ። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለነበሩ የመጀመሪያው «እስከዚህ አድርሼሻለሁ»፣ ሁለተኛው «በሰዓቱ አልተገኘሽም» አሏት። ሌላ ትኬት እስክትገዛ አንድ ቀን ሙሉ ኤርፖርት ውስጥ ተቀመጠች። ቤተሰቡ እሷን ብሎ ቀብሩን በአንድ ቀን አዘግይቶ ነበር፤ ሁለተኛ ቀን ግን መጠበቅ አልተቻለም። የደረሰችው ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ነው። ድንኳኑ እንደተተከለ ነበር፤ አባታችን ግን የለም።

ስለዚያ ቀን እማዬ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እህቴም አታነሳውም።

ለባለቤቴ ይህን ስነግረው ኮምፒውተሩን ዘጋው። በማግስቱ ግን ነገሩን በስሜት ብቻ ሳይሆን በሒሳብም እንየው አለኝ፤ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ውሳኔ ቢገጥማችሁ ይጠቅማል ብዬ ያየነውን ልንገራችሁ።

አንደኛው ጉዳይ መርከቡ ራሱ ነው። አውሮፕላን ቢያመልጥህ ነገም ሌላ በረራ አለ። መርከብ ግን በሳምንት አንዴ ነው የሚነሳው፤ ወደብ ላይ የተመደበለት ሰዓት አለ፤ የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝርም ከመነሳቱ በፊት ዘግቶ ማስረከብ አለበት። «11 ሰዓት ይነሳል» ማለት ተሳፋሪ የሚቀበለው እስከ 11 ሰዓት ነው ማለት አይደለም፤ በሩ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል። በዚያ ላይ «ሮም» የሚባለው ወደብ ሮም ውስጥ አይደለም። ሲቪታቬኪያ የምትባል የወደብ ከተማ ናት፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያመለጠው ሰው በራሱ ወጪ መርከቡ ወደሚቀጥልበት ወደብ መብረር አለበት፤ ለመርከቡ የከፈለውንም የመርከብ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስለትም።

ሁለተኛው የተለያየ ትኬት ነገር ነው። በአንድ ትኬት ሁለት በረራ ከያዛችሁና የመጀመሪያው ቢዘገይ፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፤ ሻንጣውም ራሱ ይተላለፋል። ትኬቶቹ ከተለያዩ ኃላፊነቱ በሙሉ የእናንተ ነው። ባለቤቴ ባገኘው መንገድ ኢስታንቡል ላይ ሻንጣችንን ተቀብለን እንደገና ማስገባት ነበረብን። ለዚያ ደግሞ ወደ ቱርክ መግባት ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሌላ ቪዛ ማለት ነው። ርካሹ አየር መንገድ ለእያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው ያስከፍላል። እማዬ ዊልቸር ያስፈልጋታል፤ እሱንም ለሁለቱ አየር መንገዶች ለየብቻ ማሳወቅ ሊኖርብን ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር 80 ሺህ ያልነው ትርፍ ወደ 45 ሺህ ወረደ።

ሦስተኛው ከመርከብ ድርጅቱ ጋር አብሮ የሚሸጠው በረራ ነው። ድርጅቱ ራሱ ትኬቱን ሲቆርጥላችሁ አውሮፕላኑ ቢዘገይ መርከቡ ላይ የሚያደርሳችሁ መንገድ መፈለግ የእሱ ሥራ ይሆናል። ጉዳቱ መንገዱንና ሰዓቱን እንደ ልብ መምረጥ አለመቻሉ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሱ እንዲህ ያለ ትኬት እንደማይሸጡ ነገሩን፤ ለእህቴ ግን ከዋሽንግተን ነበራቸው። የሰጧት በረራ ቅዳሜ ጠዋት ሮም የሚደርስ ነው። አንድ ቀን ለማስቀደም ትንሽ ጭማሪ ጠየቋት። እሷም አመነታች። ያለቻት አሥር ቀን ናት፤ ከዚያ ላይ አንዱን ቀን መርከብ ለሌለበት ነገር ማውጣት ከበዳት። በዚህ ጊዜ የለመንኩት እኔ ነኝ። «አንቺ አንድ ትኬት ይሁን አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ቀን ይቅደም እልሻለሁ።»

እኛም እንደዚያው አደረግን። ቀጥታ በረራ፣ ደርሶ መልስ፣ ከመርከቡ አንድ ቀን ቀድሞ። የሆቴሉ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ወጪ ነው፤ ገንዘቡ ከሚያዝያው ዕቁቤ ወጣ። ባለቤቴ ደብተሩ ላይ «የአንድ ቀን ዋጋ» ብሎ ጻፈና አሰመረበት።

ትኬቱን ግን ወዲያው አልገዛነውም። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የበረራ ምዝገባ ነው፤ ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት መቁረጥ አደጋ አለው። ማመልከቻው ከጉዞው እስከ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስለሚገባ ጊዜ ነበረን። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ገዛን፤ ለልጁ የአባቱን የስምምነት ደብዳቤ አዘጋጀን። የእኛ መርከብ የሚቆምባቸው አገሮች ሁሉም የሸንገን አባል ናቸው። ቱኒዚያን የሚነካ መርከብ ቢሆን ኖሮ ግን ከሸንገን ወጥተን እንደገና ስለምንገባ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገን ነበር። መርከቡን ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ማየት አትርሱ።

ቪዛው ሲወጣ ቦሌ አካባቢ ወዳለ ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ትልቁን ስህተት ልሠራ የነበረው እዚያ ነው። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት «አርብ ሌሊት» ብዬ ነበር። ትኬት ቆራጯ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «እማማን ይዘሽ ኤርፖርት የምትመጪው ሐሙስ ማታ ነው አርብ ማታ?» አለችኝ። አልገባኝም። በረራው የሚነሳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እኛ «ሐሙስ ሌሊት» የምንለው ሰዓት ትኬቱ ላይ አርብ ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔ አርብ ማታ ሻንጣዬን ይዤ ብመጣ የአርቡ አውሮፕላን ከሄደ ሃያ አንድ ሰዓት ሆኖታል። እንዲህ ሆኖ የሚመለስ ሰው በየጊዜው እንደሚያጋጥማት ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ሐሙስ ሐምሌ 17፣ ማታ 3 ሰዓት ኤርፖርት» ብላ ጻፈችልኝና ፍሪጅ ላይ ለጥፊው አለችኝ። ለጠፍኩት።

ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ሸኘን። አርብ ማለዳ ፊውሚቺኖ ደረስን። እማዬ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ በዊልቸር ወጣች፤ ልጄ ቦርሳዋን ተሸክሞ ከጎኗ። እህቴ ቀትር ላይ ልትደርስ ነበር።

ሆቴላችን ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ቦርሳችንን አስቀምጠን የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ለማየት በታክሲ ሄድን። እማዬ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ ከአባታችን ጋር በቴሌቪዥን አይታለች። ቦታውን አየት አድርጋ «ደህና አድርገው አነሱት» ብላ ብቻ ታክሲው ይመለስ አለች። ቀኑ አርብ ነውና ለጾም የሚሆን ፈለግን። ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ሽሮ በላን።

እዚያው ተቀምጠን ነው የእህቴ መልእክት የደረሰኝ። ዋሽንግተን ላይ ከባድ ዝናብና መብረቅ ስለነበር አውሮፕላኗ አራት ሰዓት ዘግይቶ ተነስቷል። አውሮፓ ላይ የምትቀይረው በረራ አምልጧታል። ልጆቿ ወለል ላይ ተኝተዋል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ዳግመኛ ያው ነገር መጣ ብዬ ለእማዬ ልንገራት አልንገራት አላወቅሁም። በኋላ ነገርኳት። እማዬ ጣቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ «ትኬቷ አንድ ነው አይደል?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ወር ስንነጋገር ስትሰማን ኖራለች።

አንድ ነበር። አየር መንገዱ ሳትጠይቅ ማታ በሚነሳው በረራ ላይ ቦታ ያዘላት። ሻንጣዋ አብሯት አልመጣም፤ እሷና ልጆቿ ግን ሮም አረፉ።

እማዬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግርሽ ያብጣል፣ ክፍልሽ ግቢና ተኚ ብላት እምቢ አለች። ልጄ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ታክሲ ቆመ። መጀመሪያ የወረደችው ትንሿ ልጅ ናት፤ በስልክ የምታውቃትን አያቷን ስታይ ቆም ብላ አፈረች። ከኋላዋ እህቴ ያንቀላፋውን ልጇን ታቅፋ ወረደች። እማዬ ምርኩዟን ጥላ ሄደች፤ እኔ ደግፌ እስክይዛት እንኳ አልጠበቀችኝም። እህቴን አንገቷን ይዛ ሳመቻት፤ ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦

«ዛሬስ ደረስሽ።»

ስምንት ዓመት ያልተነገረ ነገር ነው። እህቴ እዚያው በሩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማዬም አልከለከለቻትም። «በወቅቱ ያላለቀስሽውን አልቅሽ፤ አባትሽ አልተቀየመሽም» አለቻት። የሆቴሉ ሠራተኛ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቶት ውሃ አመጣልን።

በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሲቪታቬኪያ ነበርን። የእህቴ ሻንጣ ጠዋት ሆቴል ድረስ መጣ። መርከቡን ሳየው ፎቅ ቤት መሰለኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ጥሩምባውን ነፍቶ ከወደቡ ተለየ። ሁላችንም ላይኛው ወለል ላይ ነበርን። በዚያው ዓይነት መዘግየት እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ልትደርስ አስባ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሰዓት ሁለት ልጆች ይዛ ሌላ አገር ኤርፖርት ወለል ላይ ነበረች። እማዬም ከእኔ ጋር መርከቡ ላይ ሆና እያለቀሰች ትሄድ ነበር፤ ወይም አንሄድም ብለን ወደቡ ላይ እንቀር ነበር። ይህን ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው «ደብተሩ ላይ ያሰመርኩበት ትክክል ነበር» አለኝ።

እማዬ ባሕር አይታ የምታውቀው አንዴ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. ገና ሙሽራ ሳለች አባታችን በሚያሽከረክረው የጭነት መኪና ምጽዋ ወስዷት ነበር። የመርከቡን መደገፊያ ይዛ ብዙ ቆየች። ምን እንደምታስብ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። በመጨረሻ ዞር ብላ «ምጽዋ ይሞቃል። ይሄ ይሻላል» አለችን።

ስለ መመለሻውም አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ወደብ ይደርሳል፤ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ሻንጣውን አግኝቶ እስኪወጣ ግን ረፋድ ይሆናል። ከዚያ እስከ ፊውሚቺኖ ኤርፖርት የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ አለ፤ ኤርፖርቱም ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ እንድትገኙ ይፈልጋል። ስለዚህ የጠዋት በረራ አትያዙ። እኛ በተመለስንበት ሐምሌ 26 ሮም ለካቶሊካውያን የኢዮቤልዩ በዓል በመጡ ወጣቶች ተጥለቅልቃ ነበር። የእህቴ በረራ ከሰዓት በኋላ፣ የእኛ ማታ ስለነበር ግን ማንም አልተጣደፈም። ኤርፖርቱ ውስጥ ተቀምጠን እማዬ የልጅ ልጇን ፀጉር ሹሩባ ሠርታ ጨረሰች።

ፍልሰታ ገብቶ፣ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ ባለቤቴ እማዬን ጠየቃት። «እንግዲህ እማማ፣ ያንን ሁሉ አገር አይተዋል። ከሁሉ የትኛው ቀን በለጠብዎት?» ማልታ የምትል መስሎኝ ነበር፤ የማልታን ወደብ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበርና።

እማዬ ስኒውን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«አርቧ» አለች። «መርከቡ ላይ ያልወጣንባት አርብ።»

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።